ሐሳብን ከጓዳ ወደ አደባባይ
(ስለ ጀማሪ ፈልሳፊዎችና ስለ ርካሽ መሣሪያ፣ ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር)



የፈጠራ ታሪክ በተነገረ ቁጥር በአድማጭ አእምሮ ቶሎ የሚመጣው የታላላቅ ላቦራቶሪዎችና የባለጸጋ ድርጅቶች ስም ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድን አዲስ ሐሳብ ወደ ሥራ ለመለወጥ ለረዥም ዘመን ውድ መኪና፣ የሠለጠነ የሰው ኃይልና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ይሁን እንጂ ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ሌላ መንገድ ተከፍቷል። ቀድሞ በመንግሥትና በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ብቻ የነበረው መሣሪያ ዋጋው እየወረደ መጥቶ፣ ተማሪው፣ የጥገና ሠራተኛውና የገጠሩ ወጣት ሊያገኙት ችለዋል።

እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ርካሽ መሣሪያ ብቻውን ፈልሳፊን ያፈራልን? የታሪክ ምስክርነት የሚያሳየው እንደማያፈራ ነው። መሣሪያው ሐሳብን ለመሥራት ያስችላል። ሐሳቡ አድጎ ለሕዝብ እንዲደርስ ግን ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ሥራው ገና ጎዶሎ ሳለ የሚታይበትና የሚታረምበት ጉባኤ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሁሉም የሚስማማበት የጋራ ሥርዓት ነው። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ገበያ ብቻውን አያመጣቸውም፤ የሙያ ሰዎች ፈቃድና ድካም ይጠይቃሉ።

፩. በካሊፎርኒያ ጋራዥ የተጀመረው ጉባኤ

እ.ኤ.አ. በጥር 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800 የተሰኘ ኮምፒዩተር በሽፋኑ ላይ አውጥቶ ለአንባቢዎቹ አስተዋወቀ። ሠሪው በኒው ሜክሲኮ፣ በአልበከርኪ ከተማ የነበረው ሚትስ የሚባል አነስተኛ ድርጅት ነበር። ዕቃው ወደ 400 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ የሚሸጥ፣ ገዢው ራሱ በየዳ ገጣጥሞ የሚያቆመው ነበር። ኪቦርድ የለውም፤ ስክሪን የለውም፤ የማስታወስ ችሎታው 256 ባይት ብቻ ነበር። ትእዛዝ የሚሰጠው በፊት ለፊቱ የተደረደሩትን ማብሪያና ማጥፊያዎች ከፍና ዝቅ በማድረግ ሲሆን፣ መልሱም የሚነበበው ከትናንሽ መብራቶች ነበር። ይህን ያህል ጎዶሎ የሆነ መኪና ብዙ ገዢ ያገኘው፣ አንድ ሰው በቤቱ የራሱ ኮምፒዩተር ሊኖረው እንደሚችል በተጨባጭ ስላሳየ ነው።

ዕቃው ሲደርስ ገዢው የሚጋፈጠው ችግር ምን እንደሚሠራበት አለማወቁ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ፣ በሜንሎ ፓርክ በሚገኝ አንድ የመኖሪያ ቤት ጋራዥ የተሰበሰቡት ሰዎች ለዚሁ ችግር መፍትሔ ፈላጊዎች ነበሩ። ጉባኤው በኋላ ሆምብሩ የኮምፒዩተር ክበብ ተባለ፤ ትርጓሜውም በቤት የተጠመቀ እንደ ማለት ነው። በክበቡ መሐንዲስና ተማሪ፣ የጥገና ሠራተኛና የትርፍ ጊዜ ሞካሪ እኩል ይቀመጡ ነበር። ያገኘውን ብልሃት የሚደብቅ ሳይሆን፣ የጎደለውን የሚጠይቅና የተረፈውን የሚያካፍል ሰው የሚከበርበት ስብሰባ ሆነ።

ከመጀመሪያው ስብሰባ ተካፋዮች አንዱ በዚያን ጊዜ በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ የሒሳብ ማሽን ክፍል ይሠራ የነበረው ስቲቭ ዎዝኒያክ ነው። በእነዚያ ዓመታት የኢንቴል 8080 ቺፕ በነጠላ ሲሸጥ ለአንድ ደመወዝተኛ የማይቀመስ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1975 ግን ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለው ድርጅት 6502 የተሰኘውን ቺፕ በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ዎዝኒያክ በዚህ ርካሽ ቺፕ ከኪቦርድና ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ኮምፒዩተር ነደፈ፤ ንድፉንም አባዝቶ ለክበቡ አባሎች በነጻ አደለ። ለአሠሪው ኩባንያ ያቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት ስላላገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ከጓደኛው ከስቲቭ ጆብስ ጋር አፕልን አቋቋሙ። አንድ የኮምፒዩተር መደብር ተገጣጥመው ያለቁ 50 ኮምፒዩተሮች ሲያዝዝ የጓዳው ሙከራ ወደ ንግድ ተሸጋገረ።

ከዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ርካሹ ቺፕ ሥራውን እንዲቻል አደረገው፤ ጉባኤው አረመውና አሳወቀው፤ ገበያው የመጣው በመጨረሻ ነው። ያንኑ ቺፕ በ25 ዶላር የገዙ ሰዎች ብዙ ነበሩ። የሚለየው ሥራውን በየጊዜው ለዐዋቂዎች ዐይን ማቅረቡ ነው።

፪. የድካም ዋጋና የነጻ ስጦታ

ይህ ሁሉ ያለ ጠብ አልሆነም። ቢል ጌትስና ፖል አለን ለአልቴር የቤዚክ ቋንቋ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ፕሮግራሙ የተቀዳበት የተበሳ ወረቀት በእጅ ገብቶ በክበብተኞች መካከል ያለ ክፍያ ይባዛ ጀመር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 ጌትስ ለትርፍ ጊዜ ሞካሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፣ ዕቃውን በገንዘብ የሚገዙ ሰዎች ፕሮግራሙን ግን መስረቃቸው አግባብ አለመሆኑንና ሠሪው ካልተከፈለው ማንም ጥሩ ሥራ ለመሥራት እንደማይነሣሣ የሚገልጽ ነበር።

በሌላው ወገን፣ ዕውቀት በተካፈሉት ቁጥር የሚበዛ ሀብት ነው የሚሉት ሰዎች ታይኒ ቤዚክ የተባለ አነስተኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚሠራ በመጽሔት አሳተሙ፤ ማንም እንዲሠራውና እንዲያሻሽለው ፈቀዱ። ቶም ፒትማን የተባለ ባለሙያ ደግሞ የራሱን ታይኒ ቤዚክ በ5 ዶላር ብቻ ሸጠ፤ በዚያም ዋጋ የሚከፍል ሰው አላጣም። ከዚህ ክርክር የሚገኘው ትምህርት ሁለቱም ወገኖች በከፊል እውነት እንደነበራቸው ነው። ሠራተኛ ለድካሙ ዋጋ ይገባዋል፤ ዋጋው ግን ከጀማሪው ዐቅም በላይ ሲሆን ሐቀኛውን ሰው ሳይቀር ወደ ስርቆት ይገፋዋል።

የዚህ ሌላው ገጽታ የባለውለታ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን፣ በኢቭሪያ ከተማ በነበረ የንድፍ ትምህርት ቤት አርዱዊኖ የተባለች ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ተሠራች። ዓላማዋ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ያልተማሩ ተማሪዎች መብራት፣ ሞተርና መለኪያ በቀላሉ እንዲያዝዙ ነበር። ንድፏ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ በዓለም ዙሪያ ተባዝታለች። መሠረቷ ግን ኸርናንዶ ባራጋን የተባለ ኮሎምቢያዊ ተማሪ በዚያው ትምህርት ቤት ለመመረቂያው የሠራው ዋይሪንግ የተሰኘ ሥራ ነው። የሰሌዳይቱ ስም በሰፊው ሲታወቅ የተማሪው ስም ግን ለብዙ ጊዜ በጥላ ውስጥ ቆይቷል። ክፍት ንድፍ ማለት ባለቤቱ የማይታወቅ ንድፍ ማለት እንዳይሆን የሙያ ማኅበራት ሊጠነቀቁ ይገባል።

፫. የማላዊው ወጣት

ርካሽ መሣሪያ ሲባል ሁልጊዜ አዲስና ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ ማለት አይደለም። በማላዊ፣ በዊምቤ አካባቢ ያደገው ዊሊያም ካምክዋምባ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 አገሩን በጎዳው ረሀብ ጊዜ ቤተሰቡ የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል ስለተሳነው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ ተቋረጠ። ትምህርቱን ላለመርሳት በአካባቢው ወደነበረች አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ይመላለስ ነበር። እዚያም ስለ ኃይል ምንጮች በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ አገኘ። ቋንቋው ቢያስቸግረውም ሥዕሎቹንና የንድፍ መግለጫዎቹን እያየ የንፋስ መዘውር እንዴት መብራት እንደሚያመነጭ ተረዳ።

ከተጣለ ትራክተር ማራገቢያ፣ ከብስክሌት አካልና ከዲናሞ፣ በእሳት አለስልሶ ከዘረጋው የፕላስቲክ ቧንቧና ከእንጨት ምሰሶ የመጀመሪያውን መዘውር አቆመ። ሥራውን ሲጀምር አብዷል ያሉት የሰፈር ሰዎች፣ አምፖሉ ሲበራ ሊያዩ ተሰበሰቡ። ነገር ግን ያ መብራት ለዓመታት የመንደሩ ወሬ ብቻ ሆኖ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ታሪኩ በማላዊ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት በታንዛኒያ፣ በአሩሻ ከተማ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ቆሞ ሥራውን ተናገረ። ከዚያ በኋላ ረዳት አገኘ፤ ወደ ትምህርቱም ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከብረታ ብረቱ የሚበልጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ በመንደር የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ሥራውን ለሌሎች ያሳወቀ ጋዜጣ። ሁለቱ ባይኖሩ ኖሮ ወጣቱ ወይ አይጀምርም ነበር፣ ወይም ጀምሮ በዚያው ይቀር ነበር።

፬. የግእዝ ፊደልና የጋራው ሥርዓት

ከአገር ቤት ሊጠቀስ የሚገባው ታላቅ ምሳሌ የግእዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግል ኮምፒዩተር ዋጋ ሲወርድ፣ በአገር ውስጥና በተለይም በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የማንንም ኩባንያ ፈቃድ ሳይጠብቁ በየቤታቸው ፊደሉን ይቀርጹ ጀመር።

ችግሩ ቀላል አልነበረም። የዘመኑ ኮምፒዩተሮች በአንድ የፊደል ስብስብ ውስጥ ሊይዙ የሚችሉት ቢበዛ 256 ቦታ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው ለላቲን ፊደልና ለመኪናው ትእዛዝ የተያዘ ነበር። በአማርኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። በዚህ ላይ እንደ ቋና ኳ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ 20ዎቹ የግእዝ አኀዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከቦታው ያልፋል። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን በሁለት ስብስብ ከፈለው፤ ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለየብቻ አስቀምጦ በአጻጻፍ ጊዜ ገጠመው። እያንዳንዱ መፍትሔ የሚደነቅ ብልሃት ነበረው።

ሆኖም ሁሉም በየራሱ ቁጥር ስለሠራ፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ብዙ ሥራ ተሠርቶ ሳለ ሠራተኞቹ አልተገናኙም። ይህን ያቃናው እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት 3.0ኛ እትም ውስጥ መግባቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የታወቀ ቁጥር ተሰጠው፤ በአዲስ አበባ የተጻፈው ቃል በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ያው ሆኖ ሊነበብ ቻለ። ዛሬ አንድ ጀማሪ ተማሪ ለስልክ የሚሆን የአማርኛ መጻፊያ ወይም መዝገበ ቃላት ሲሠራ ፊደሉን እንደገና ከመቅረጽ አይጀምርም። የጋራው ሥርዓት የቀደሙትን ድካም ለተከታዮቹ መነሻ አድርጎላቸዋል።

፭. የማኅበሩ ድርሻ

በኢትዮጵያ የእጅ ባለሙያ ለብዙ ዘመን በሥራው ይነቀፍ እንደነበረ የታወቀ ነው። ቀጥቃጩና ሸማኔው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውም ነቀፋው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። የሚሰደብ ባለሙያ ጥበቡን ለልጁ ብቻ አውርሶ ከሌላው ቢሸሽግ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የተሸሸገ ጥበብ አይታረምም፤ አያድግምም። ጀማሪው ሥራውን ወደ አደባባይ እንዲያወጣ ከተፈለገ፣ አደባባዩ የማያዋርደው መሆን ይኖርበታል።

ከዚህ በመነሣት የሙያ ማኅበር ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ፣ በዓመታዊ ጉባኤው ያለቀለትን ሥራ ብቻ ሳይሆን በጅምር ያለውንም የሚያሳይ ክፍል ይመደብ፤ አባሎችም ጥያቄያቸው ለማረም እንጂ ለማሸማቀቅ አይሁን። ሁለተኛ፣ ንድፍና የአሠራር መግለጫ በቀላል አማርኛና በግልጽ ሥዕል ይዘጋጅ፤ የማላዊው ወጣት ከባዕድ ቋንቋ መጽሐፍ ሥዕሉን ብቻ አንብቦ ያን ያህል ከሠራ፣ በገዛ ቋንቋው የተጻፈለት ምን ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሦስተኛ፣ የጀማሪው መብት ይጠበቅ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከታላላቁ ፈጠራ ሌላ ለአነስተኛው ፈጠራም ቦታ ሰጥቷል። ለፓተንት የሚቀርብ ፈጠራ አዲስ መሆን ስላለበት፣ ጀማሪው ሥራውን በይፋ ከማሳየቱ በፊት ሊያስመዘግበው ወይስ በነጻ ሊያካፍለው እንደሚሻ ይምረጥ፤ ምርጫውም በዕውቀት እንዲሆን የሚያማክረው ሰው ይመደብለት።

አራተኛውና የማይታለፈው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የአልቴር ባለቤት ቢሳሳት የሚያጣው መኪናውን ነበር። ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የታመቀ እንፋሎት ወይም የሕክምና መሣሪያ የሚሞክር ጀማሪ ግን ቢሳሳት ሕይወት ይጠፋል። መሣሪያው በረከሰ መጠን አደጋው አይረክስም። እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ሒሳብና የዓመታት ልምድ በምንም ርካሽ ዕቃ የሚተካ አይደለም። መሐንዲሱ ጀማሪውን በመከልከል ሳይሆን አብሮት በመቆም ሊያድነው ይገባል።

አበው ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ብለዋል። ሆምብሩ ክበብ እ.ኤ.አ. በ1986 ቢበተንም በውስጡ የታረሙት ሥራዎች ዓለምን ለውጠዋል። ለብቻው የሚደክም ብርቱ በየመንደሩ አለ፤ መሣሪያውም ከቀን ወደ ቀን እየቀረበለት ነው። የሚቀረው ሁለተኛው ሰው ነው፤ ይኸውም ጎዶሎውን ሥራ አይቶ ጉድለቱን የሚያሳየው፣ ንድፉን የሚያስነብበውና ለሌላው የሚያስተዋውቀው የሙያ ባልደረባ ነው። ይህን ቦታ ሊይዝ የሚችል ደግሞ ከዚህ ማኅበር አባሎች የተሻለ የለም።