የበግ ሰኮና መቁረጫ መቀስ አመራረጥ



በክረምት ጭቃ ላይ የሚውል በግ ሰኮናው ድንጋይ ላይ እንደሚውለው አያልቅም። አድጎ ይታጠፍና ጭቃና በጠጥ ይይዛል፤ ከዚያም ሊበሰብስ ይችላል። የሚያነክስ በግ እንደልቡ ስለማይግጥ ይከሳል፤ ገበያም ላይ ዋጋ ያጣል።

መቀስ ስትገዙ ስለቱ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ሲዘጋ ክፍተት የሌለው፣ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ይሁን። የደነዘ መቀስ ሰኮናውን ይሰነጥቃል፤ ማጭድ ደግሞ ስቶ ሥጋውን ያቆስላል።

ዝናብ ሰኮናውን ስለሚያለሰልስ ከዝናብ በኋላ ቁረጡ። ትርፉን ጠርዝ ጥቂት በጥቂት አንሱ፤ ቀላ ያለ ቀለም ሲታይ አቁሙ፤ ካለፋችሁ ይደማል። ጤነኞቹን አስቀድሙ፤ የሚያነክሰውን መጨረሻ ላይ ቁረጡ። መቀሱን ከእያንዳንዱ በግ በኋላ አጥባችሁ በአልኮል ወልውሉ። ሰኮናው የሸተተውን በግ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳዩ።