አሟጦ ማውጣትና ቆጥቦ መተው፤ ከአንጀት ቀዶ ሕክምና ምርምር የተገኙ ሁለት ትምህርቶች



ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ሳለሁ አንድ በዕድሜ የገፉ አርሶ አደር ከሰገራቸው ጋር ደም እንደሚወርዳቸው ነገሩኝ። «ኪንታሮት ነው» ብዬ ቅባት አዝዤ ሸኘኋቸው፤ በጣቴ እንኳ አልመረመርኋቸውም። ከወራት በኋላ ሲመለሱ የካንሰር ዕጢ አንጀታቸውን ዘግቶት ነበር። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ እኒያ አባት ግን አልደበቁም፤ ያልፈለግሁት እኔ ነኝ።

የዛሬው ርእሴ የትልቁ አንጀትና የሬክተም ካንሰር እንዲሁም ክሮንስ የተባለው የአንጀት ብግነት ነው። ቀዶ ሐኪሙ በአንደኛው ላይ አሟጦ ማውጣትን፣ በሁለተኛው ላይ ቆጥቦ መተውን መማር ነበረበት። ለሁለቱም ትምህርቶች መሠረት የሆኑ ጽሑፎች በእንግሊዝ አገር በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ታተሙ።

ከካንሰሩ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1908 ኧርነስት ማይልስ የተባሉ የለንደን ቀዶ ሐኪም የሬክተም ካንሰርን በሆድም በታችም ገብቶ የማውጣት ዘዴን አሳተሙ። ዘዴው ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሕመምተኛው ግን ቀሪ ዘመኑን ሰገራው በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይወጣል። ካንሰሩም በዳሌ ውስጥ ማገርሸቱን አልተወም። በ1982 ቢል ሂልድ አንድ ነገር አመለከቱ፤ ሬክተምን የሚያቅፍ፣ የሊምፍ ዕጢዎችን የያዘ የስብ ሽፋን አለ። ቀዶ ሐኪሙ ሽፋኑን በእጁ ሲቦጭቀው ከፊሉ ከነካንሰሩ ይቀራል። መፍትሔው ሽፋኑን በዓይን እያዩ፣ ሳይቀድዱ፣ ሙሉውን ማውጣት ነው። በስቶክሆልም የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች በዚህ ዘዴ ከሠለጠኑ በኋላ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲታተም፣ በቦታው የሚያገረሸው ካንሰር ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ይህን ያመጣው አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ የሐኪሞቹ ሥልጠና ነው።

ክሮንስን እ.ኤ.አ. በ1932 በኒው ዮርክ ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር በዝርዝር ገለጹት። ብዙዎች እንደ ካንሰር በሰፊው መቁረጥ ያድናል ብለው አመኑ። ይሁንና በሽታው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊነሣ ይችላል፤ ከተቆረጠም በኋላ ይመለሳል። ደጋግሞ የሚቆርጥ ሐኪም በመጨረሻ ምግብ ለመምጠጥ የማይበቃ አጭር አንጀት ያስቀራል። በ1982 ኢማኑኤል ሊ ከኦክስፎርድ የጠበበውን አንጀት ሳይቆርጡ በቁመቱ ሰንጥቆ በአግድሙ በመስፋት የማስፋት ዘዴን ለክሮንስ አቀረቡ። ዘዴውን አስቀድመው፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በአንጀት ቲቢ ለሚመጣ ጥበት ያሳተሙት የሕንድ ቀዶ ሐኪሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 የክሊቭላንድ ባለሙያዎች ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍለው፣ ከሚታየው በሽታ 2 ሴንቲ ሜትር ርቆ መቁረጥን ከ12 ሴንቲ ሜትር ጋር አነጻጸሩ። ሰፊው ጠርዝ ከማገርሸት አልጠበቀም።

ይህ ታሪክ እኛን ይነካናል። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ የትንሹንና የትልቁን አንጀት መገናኛ ይወድዳሉ፤ ሁለቱም ያጠብባሉ፤ በማይክሮስኮፕም ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የቲቢ ሕመምተኛን ክሮንስ ነው ብሎ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት መስጠት ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ክሮንስ ያለበትን ሰው ያለ ማስረጃ ለወራት በቲቢ መድኃኒት ማቆየትም ጊዜውን ያባክናል። ትልቁን አንጀት ለረጅም ዓመታት ያጠቃ ክሮንስ ደግሞ የካንሰርን ሥጋት ስለሚጨምር፣ ሁለቱ ርእሶቼ በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ።

ተማሪዎቼ፣ ምርምር የሚጀምረው በውድ መሣሪያ አይደለም። ደም ያየ ሰው ሁሉ በጣት ይመርመር። የወጣ አንጀት ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ ይሂድ። ጠርዙ፣ ሽፋኑ፣ የሊምፍ ዕጢዎቹ ቁጥር ይመዝገብ። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም እንፈልገው።

የእኒያ አርሶ አደር ስም እስከ ዛሬ በማስታወሻዬ አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሆኑትን ግን አላውቅም፤ የተከታተላቸው አልነበረምና። እናንተ ሕመምተኞቻችሁ የሆኑትን የምታውቁ ሐኪሞች እንድትሆኑ እመኛለሁ።