በሕፃን አፍ ስለሚወጣ ነጭ ሽፋን
(ለጨፋ ሮቢት እናቶች የተደረገ ንግግር)

ሕፃን ጡት አልይዝ ብሎ ሲያለቅስ «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ» ይባላል። ኧረ ቆዩ! እንጥል መቁረጥ ደም አፍስሶ ይገድላል። አስቀድማችሁ አፉን ከፍታችሁ እዩ። በምላሱና በጉንጩ ውስጥ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር አለን? ወተት ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ሲጠርጉት ይለቃል፤ አልለቅ ካለ ግን ካንዲዳ የሚባል የእርሾ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

ይህ እርሾ በጤነኛ ሰው አፍ ውስጥም ያለ ጉዳት ይኖራል። ሰውነት ሲደክም ወይም ሕፃኑ አንቲባዮቲክ ሲወስድ ግን ይበዛና ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያመነጫል። በጨጓራችን ሥጋ የሚፈጨው ፔፕሲን የዚሁ ዘመድ ነው፤ ያኛው የበላነውን ይፈጫል፤ ይኸኛው የእኑኑን ገላ ይበላል፤ ሰውነት የላከበትንም መከላከያ ይቆርጣል። እንግዲህ ሽፋኑን በጥፍር አትፋቁት፤ ሥሩ ቁስል ነውና ይደማል።

ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የሚባሉ ሁለት ሴቶች ከከብት እርባታ አፈር አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1950 ያስታወቁት ኒስታቲን የሚባል መድኃኒት አለ። ጡታችሁን የሚያቃጥላችሁ እንደሆነ ሳታፍሩ ንገሩ፤ እናትና ልጅ አብረው ካልታከሙ በሽታው ይመላለሳል። ጡጦ ካለ ጫፉን ቀቅሉት። ማጥባቱን ግን አታቋርጡ።