ሥር ብቻውን አይበላም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አምና በችግኝ ጣቢያችን ካፈላናቸው የወይራና የጥድ ችግኞች ብዙዎቹ ቀጭጨውና ቢጫ ሆነው እንደደረቁብን ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ «በደንብ ስላላጠጣች ነው» ብለን አንዷን እህታችንን ወቀስናት። ከረጢቶቹን የሞላነው ግን ለግንባታ ጉድጓድ ሲቆፈር በወጣ የታችኛው አፈር ነበር። ንጹሕ ስለመሰለን ደስ ብሎን ነበር። ለካ ከሥር ጋር የሚኖሩት ፍጥረታት በብዛት የሚገኙት በላይኛው አፈር ውስጥ ነው።

ፈንገስ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የስንዴ ዋግና የእህል ሻጋታ ነው። ሁሉም ግን ጠላት አይደለም። ማይኮራይዛ የሚባለው ሽርክና አለ፤ ፈንገሱ ከተክል ሥር ጋር ተጣምሮ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ይዘረጋል። ከዚያ ፎስፈረስና ሌላ ምግብ ያመጣል፤ በድርቅም ጊዜ ተክሉ ውኃ እንዲያገኝ ያግዛል። ተክሉም በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል። እንደ እቁባችን ነው፤ የሚቀበል ሁሉ ይጥላል።

ስኮትላንድ ውስጥ በተገኙ፣ ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባላቸው ቅሪተ አካሎች ላይ ሳይቀር ይህ ሽርክና ታይቷል። ዛሬም ጤፍ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ሽንኩርትና ቡና በዚሁ ይኖራሉ። ጎመን ግን ከዚህ እቁብ ውጭ ነው።

ዘንድሮ ሁለት መደብ አዘጋጀን። ዘሩ አንድ፣ የተዘራበት ቀን አንድ፣ ውኃውም አንድ ነበር። በአንዱ መደብ ብቻ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ አስፈቅደን፣ ከትልልቅ ወይራና ጥድ ሥር ያመጣነውን አፈር በየከረጢቱ አንድ አንድ እፍኝ ጨመርን። የዚያ መደብ ችግኞች ቶሎ አደጉ፤ ቅጠላቸውም አረንጓዴ ሆነ። የዛፍ ሥር አፈር ሌላም በጎ ነገር ስላለው ሁሉም የፈንገሱ ሥራ ነው አንልም። ሁለቱንም መደብ ያጠጣችው ግን ያቺው የወቀስናት እህታችን ናት።

ስለዚህ እናቶችና እህቶች፣ ከታመመ ዛፍ ሥር አፈር አንውሰድ፤ ከጤነኛውም ከየዛፉ ጥቂት ጥቂት እንጂ አንድ ቦታ አንቆፍር። የጓሮ መሬታችንን ለረጅም ጊዜ ባዶ አንተው፤ ይህ ፈንገስ ያለ ሕያው ሥር ምግብ የለውም። በችግኝ ላይም ማዳበሪያ አናብዛ፤ ፎስፈረስ የተትረፈረፈለት ተክል ፈንገሱን መመገብ ይተዋል።

ደጋፊዎቻችን ደግሞ፣ ለችግኝ ማዳበሪያ መግዣ ከመደባችሁልን ገንዘብ ከፊሉን ለችግኝ ጣቢያው ዳስና አጥር እንድናውለው ፍቀዱልን።

እህታችንን በሰው ፊት ነበር የወቀስናት፤ ይቅርታም በሰው ፊት እንጠይቃታለን። በመጪው ክረምት የመጀመሪያዋን ወይራ እሷ ትትከልልን።