መርዶው ያልደረሰ መስመር
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ብዙዎች ስለሚያልፉት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የዳታቤዝ ሰርቨር ከእርሱ ጋር የተገናኘው ኮምፒዩተር በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅበት፣ ኪፕአላይቭ የሚባለው ደንብ ነው።

የምዝገባን ቀን እናስብ። አንድ ኮምፒዩተር የአንድን ኮርስ መዝገብ ለማረም ይይዛል፤ ሥራው ሳያልቅ መብራት ይጠፋል። ፕሮግራም በወጉ ሲዘጋ ለሰርቨሩ የስንብት መልእክት ይደርሰዋል፤ መብራት ሲጠፋ ግን መርዶ ነጋሪ የለም። ሰርቨሩም መዝገቡን እንደ ቆለፈ ይጠብቃል፤ ያንኑ መዝገብ የሚሹ ሁሉ በሞተው ምክንያት ተሰልፈው ይቆማሉ።

እስከ መቼ? ሊኑክስ እንደ ተሠራ ከተተወ፣ 7,200 ሰከንድ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይጠይቃል። ድምሩ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ሰዓት ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ፣ ማንም ካልለወጠው ጊዜው ከሁለት ሰዓት እንዳያንስ አዘዘ፤ ጥያቄው በአላፊ ብልሽት ጤነኛውን መስመር እንዳይቆርጥ፣ በመልእክት ቁጥር በሚከፈልበትም መስመር ላይ ወጪ እንዳይሆን ሰግቶ ነበር።

ታዲያ ፖስትግሬስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ሦስት ቁጥሮች በእጃችን ናቸው፤ ዝምታው ስንት ሰከንድ ይቆይ፣ ጥያቄው በየስንት ሰከንዱ ይደገም፣ ስንት ጥያቄ መልስ ሲያጣ መስመሩ ይቆረጥ። ዜሮ ከሆኑ የሊኑክስ ልማድ ይጸናል። 60፣ 10 እና 6 ብንል ግን ሥራ ፈትቶ የቆመው የሞተ መስመር በ120 ሰከንድ ይታወቃል፤ ቁልፉም ይፈታል። ከልክ በላይ ማሳጠርም ጉዳት አለው፤ ኔትወርኩ ጥቂት በተናወጠ ቁጥር ደኅናው መስመር ይቆረጣል።

አንድ ነገር ግን እንዳንስት። ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው የዚያኛው ኮምፒዩተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። መዝገብ ቆልፎ ሻይ ሊጠጣ የወጣ ሠራተኛ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ኪፕአላይቭ አይደርስበትም። ለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሌላ ደንብ አለ፤ ሥራ ጀምሮ ዝም ያለውን ደንበኛ በተወሰነለት ጊዜ ያሰናብታል።

ጓደኞቼ፤ ቁጥሩን ያልነካ ሰው ምንም አልወሰንኩም ይላል። ነገር ግን እኛ ሳንወስን ስንቀር፣ ሌሎች በሌላ ዘመን ለሌላ ችግር የወሰኑት ይገዛናል፤ ሰልፉ ላይ የሚቆመው ደግሞ ተማሪው ነው።