ከሮቢ ወንዝ እስከ ጣርማ በር



በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስላደረግነው ጉዞ ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። ንግግራችን ረጅም አይደለም፤ ምሳው መድረሱን ሽታው ነግሮናል።

እኛ የሸዋ ሮቢት ልጆች ደመና ለብሶ በስተምዕራብ የሚቆመውን ተራራ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናየዋለን። ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በአውቶቡስ መስኮት ከማየት በቀር ብዙዎቻችን ረግጠነው አናውቅም ነበር። ስለዚህም የጂኦግራፊ መምህራችን «የምትጠጡትን ውሃ ምንጭ ሳታውቁ ለፈተና ልትቀመጡ ነውን?» ብለው አስነሡን።

ገና ሳይነጋ ተነሥተን፣ የማሽላውንና የማሾውን ማሳ ትተን አርማንያን ስናልፍ አየሩ ተለወጠ። ደብረ ሲና ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይነካ ስለ ነበር፣ «ጋቢ ለሽማግሌ ነው» ብለው የመጡት ጓደኞቻችን ጋቢ ሲለምኑ ዋሉ። የደብረ ሲና ቆሎ ግን ሁላችንንም አሞቀን።

ከዚያ የሚመሩን አንድ የአገሩ አዛውንት ነበሩ። ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ተራራውን ቦርቡሮ የሠራውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ አሳዩን። ሣር እየነጩ የሚኖሩትንና ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር የማይገኙትን ጭላዶችም አየን።

ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በር ላይ መምህራችን አንድ ጠርሙስ ውሃ ግማሹን ወደ ምዕራብ፣ ግማሹን ወደ ምሥራቅ አፈሰሱ። በምዕራብ የወረደው ወደ ጃማ፣ ከጃማም ወደ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። በምሥራቅ የወረደው ግን የእኛ ነው፤ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በካርታ ላይ ብዙ ጊዜ ያጠናነው ነገር ነው፤ የገባን ግን ያን ቀን ነው።

ስንወርድ አዛውንቱ ተሰንጥቆ የተንሸራተተ ገደል አሳዩን። በእነዚህ ቁልቁለቶች መሬት ይከዳል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ይዛባ በሚባለው ስፍራ የደረሰው መንሸራተት ብዙ ገበሬዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። እሳቸውም ማሳቸውን በየክረምቱ ጎርፍ ሲሸረሽረው ኖሯል። «ልጆቼ፣ ቆላ ወርዳችሁ የምታርሱት አፈር የእኔ ነበረ» አሉን።

ከመካከላችን አንዱ «አባባ፣ እኛም ዘንድ አልቆየም፤ ሮቢ ሞልቶ የአባቴን የሽንኩርት ማሳ ጠርጎት ሄደ» ብሎ መለሰላቸው።

አዛውንቱም ከት ብለው ሳቁና «እንግዲያው አፋር ወርደን እንፈልገው!» አሉ። እኛም ሳቅን። በኋላ ግን ሁላችንም ዝም አልን፤ ያ ጓደኛችን በዚያ ዓመት የትምህርት መሣሪያ መግዣ አጥቶ እንደ ነበር እናውቃለንና።

ስንሰናበት አዛውንቱ በሐምሌ ችግኝ ተክለን እርከን እንድንሠራላቸው ለመኑን፤ እኛም እሺ አልን። ወላጆቻችን ሆይ፣ ሐምሌ የአረም ጊዜ መሆኑን አልዘነጋንም፤ ይህንንም ቃል ሳናማክራችሁ ነው የሰጠነው። የምንለምናችሁ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ርእሰ መምህራችን አካፋና ዶማ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት እንድንወስድ ቢፈቅዱልን፣ የችግኙን ነገር እኛው እንጨርሳለን።