ዱቄት ሳሙና ይሻላል ወይስ ፈሳሹ?
(በወርኃዊው ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ለድንኳኑና ለጠረጴዛ ልብሶቹ ማጠቢያ ምን ዓይነት ሳሙና ይገዛ ተብሎ ብዙ ክርክር ተነስቶ ነበር። እኛ ኮሚቴዎቹ ሁለቱንም በእጃችን አጥበን አየነው። ባለቤቶቻችን ስቀውብናል፤ ይሁን።

ጭቃና አቧራ ለጠጣው ድንኳን ዱቄቱ ነው የሚሻለው። ታዲያ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳለ ከበተኑት አይሟሟም፤ ጨርቁ ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አስቀድሞ በለብታ ውሃ መበጥበጥ ነው። ወጥ የፈሰሰበትን የጠረጴዛ ልብስ ግን ፈሳሹን እላዩ ላይ ቀብቶ ጥቂት ማቆየት ቅባቱን ያስለቅቃል። አረፋ በዛ ማለት ልብሱ ጠዳ ማለት አይደለም፤ የማለቅለቂያ ውሃ መጨረስ ነው እንጂ። ውሃችን ደግሞ በፈረቃ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። ፈሳሹን እያስቀዳን የምናስቀምጠው ሃይላንድ በምንለው የውሃ ፕላስቲክ ነው። ባለፈው ወር እዚሁ ሰፈራችን አንድ ሕፃን ለስላሳ መስሎት ተጎነጨለት። እግዜር ይመስገን ተርፏል። እናቱ ደንግጣ ልታስመልሰው ስትል ጎረቤቷ ከለከለቻት፤ ደግ አደረገች። ካስመለሰው ጉሮሮውን ዳግመኛ ይጎዳዋል፣ አረፋውም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አፉን አጥቦ፣ የጠጣበትን ዕቃ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ለማኅበሩ ዱቄት ገዝተናል፤ ለቅባቱ ጥቂት ፈሳሽ፣ ከነዋናው ዕቃው። በየቤታችሁ በሃይላንድ ያለውን ዛሬውኑ ገልብጡ። ሳሙና የሚል የተጻፈባቸው ባዶ ዕቃዎች አጠራቅመናል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከዕቃ ቤት መጥታችሁ ውሰዱ።